ብልቃጡ ውስጥ ያለውን ንገሩን፦ ልጆቻቸውን ከሚያስከትቡ ቪጋን ወላጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሕፃናት ክትባት መርሐ ግብር ኃላፊዎች፣
ለመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች፣
ለክትባት አምራቾች፣
ባላችሁበት

ክቡራንና ክቡራት፣

ልጆቻችንን እናስከትባለን። ይህን መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥነው «ቪጋን ነን» ካልን በኋላ የምንናገረው ሁሉ «ክትባት አንፈልግም» ተብሎ እየተሰማ ስለተቸገርን ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር አንጠቀምም፤ ከእንስሳት የሚገኝ ነገርን በተቻለና በተግባር ሊሆን በሚችል መጠን እንርቃለን። «በተቻለ መጠን» የሚለውን ለማምለጫ የጨመርነው እኛ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1944 በብሪታንያ የተመሠረተው የቪጋን ማኅበር ራሱ ቪጋንነትን የሚተረጉመው በዚህ ልክ ነው። ኩፍኝን የሚከላከል ከእንስሳት ነገር ፍጹም የጸዳ ክትባት ስለሌለ ያለውን እንወስዳለን።

የምንጽፍላችሁ ለጥያቄያችን መልስ ስላጣን ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ ክትባት ውስጥ ከእንስሳት የተገኘ ምን አለ? ሲሠራስ ምን ገብቶበታል? በክትባት ክፍሎች የሚሰጠው መልስ ከሦስቱ አንዱ ነው። ወይ «ምንም የለበትም» ይባላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። ወይ «አላውቅም፤ ካልተመቻችሁ ሌላ ጊዜ ኑ» ይባላል። ወይ ደግሞ ካርዱ ላይ «ፈቃደኛ አይደሉም» ተብሎ ይጻፍና ቀጣዩ ይጠራል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል፤ የጠየቀና እምቢ ያለ አንድ ሰው ሆነው ይመዘገባሉና።

«ምንም የለበትም» ከሚለው እንጀምር። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን እንውሰድ። ኤም ኤም አር ሁለት በሚል ስም የሚታወቀው ምርት በአንድ መጠን፣ ማለትም በግማሽ ሚሊ ሊትር ውስጥ፣ 14.5 ሚሊ ግራም ጀላቲን እንዳለበት የራሱ መግለጫ ይናገራል። ጀላቲን የሚወጣው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ነው፤ ለክትባት የሚውለው በብዛት ከአሳማ ይገኛል። እዚያ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። በሕይወት ያለ፣ የተዳከመ ቫይረስ በቅዝቃዜ ደርቆ ዱቄት ሲሆን፣ ከዚያም በጉዞና በመጋዘን ሲቆይ እንዳይሞት የሚጠብቀው ማረጋጊያ ነው። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስረዳን ባለሙያ ቢኖር ብዙ ወላጅ እዚያው እጅጌ ይሰበስብ ነበር። «የለበትም» ተብሎ የሄደ ወላጅ ግን ማታ መግለጫውን ያነባል፤ በማግስቱ የሚጠራጠረው ጀላቲኑን ብቻ ሳይሆን ስለ ደኅንነቱ የተነገረውንም ጭምር ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ «ጀላቲን የሌለበት አለ፤ እሱን ውሰዱ» የሚሉን ባለሙያዎች አሉ። ልክ ናቸው፤ ፕራዮሪክስ የተባለው ጥምር ክትባት ጀላቲን የለበትም። በምትኩ ካሉት ማረጋጊያዎች አንዱ ግን ላክቶስ ነው፤ ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። በሁለቱም ምርቶች የኩፍኙና የጆሮ ደግፉ ቫይረስ የሚራቡት ከዶሮ ሽል በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ ነው። እንግዲህ አሳማን ለሚርቅ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ለቪጋን ግን ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው መዞር ነው። ለዚህ ልዩነት ሲባል ሌላ ቀጠሮ መጠበቅ፣ ሕፃኑንም ለሳምንታት ያለ መከላከያ ማቆየት ዋጋ ያለው አይመስለንም። ይህ የኛ ፍርድ ነው፤ ሌላው ወላጅ ሌላ ሊፈርድ ይችላል። ለመፍረድ ግን መረጃው በእጁ መኖር አለበት።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ላይ ምርጫው የተሻለ ነው፤ ስለዚህ ዝም መባሉ የበለጠ ያስቆጫል። በአፍንጫ የሚረጨው ጀላቲን አለበት፣ የሚራባውም በእንቁላል ውስጥ ነው። በመርፌ ከሚሰጡት አብዛኞቹ ጀላቲን የለባቸውም፤ እንቁላል ግን ይጠቀማሉ። በሕዋስ ላይ የሚራባ፣ እንቁላል የማይነካው ዓይነትም አለ፤ በአንዳንድ አገሮች ከ6 ወር ሕፃን ጀምሮ ተፈቅዷል። ሦስቱም በአንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ወላጁ ልዩነታቸው ሳይነገረው መቅረቱ በቸልተኝነት እንጂ በእጥረት የሚሳበብ አይደለም።

ሁለተኛው ቅሬታችን መግለጫ ወረቀቱ ራሱ ነው። ወረቀቱ የሚዘረዝረው ብልቃጡ ውስጥ የቀረውን ነው፤ ሲሠራ ገብቶ የወጣውን ብዙ ጊዜ አይነግረንም። የዘጊ አናዳና የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ የሚያድጉበት ምግብ ብዙውን ጊዜ ከተብላላ የወተት ፕሮቲን ወይም ከሥጋ ፈሳሽ ይዘጋጃል። የፖሊዮ መርፌና ከተቅማጥ የሚጠብቀው የሮታ ጠብታ ቫይረስ የሚራቡት ቬሮ በተባሉ ሕዋሳት ላይ ነው፤ እነዚህ ሕዋሳት እ.ኤ.አ. በ1962 ከአንዲት ጦጣ ኩላሊት ተወስደው እስከ ዛሬ በቤተ ሙከራ የሚባዙ ናቸው። ሕዋሳቱን ለመመገብ የሚውለው ሴረም ብዙ ጊዜ ከታረዱ ነፍሰ ጡር ላሞች ሽል ደም ይገኛል። ሕዋሳቱን ከዕቃው ለማላቀቅ የሚያገለግለው ትሪፕሲን የተባለ ኢንዛይም ደግሞ በብዛት ከአሳማ ቆሽት ይመጣ ነበር።

ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ሮታሪክስ በተባለው የሮታ ጠብታ ውስጥ የአሳማ ሰርኮ ቫይረስ ዘረ መል ተገኘና የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለጊዜው እንዳይሰጥ አሳሰበ። ምንጩ ያ ትሪፕሲን እንደሆነ ተገመተ። ቫይረሱ ሰውን እንደማያሳምም ከተመዘነ በኋላ በግንቦት አገልግሎቱ ቀጠለ። ነገሩ በግልጽ ተነገረ፣ ተመረመረ፣ ተዘጋ። የምንፈልገው ይህንኑ ዓይነት አነጋገር ነው። ግን ችግር ሲፈጠር ብቻ መሆን የለበትም።

ከእርሾ ስለሚሠራው የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ማንም አንስቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለው ይህ ዓይነት ከቀድሞው ከሰው ደም ፕላዝማ ከሚዘጋጀው ተሽሎ የመጣ ነው። ፕሮቲኑን የሚያመርተው እርሾ ነው። በእንስሳት ላይ ተሞክሯል፤ ሆኖም ከሕፃናት ክትባቶች ሁሉ ለኛ የሚቀርበው እሱ ነው። ለአንድ ቪጋን ወላጅ ሲነገረው ፊቱ የሚፈታ መረጃ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበንን እናንሳ። ክትባት ከመሰጠቱ በፊት የሚጠየቀው «ልጁ የእንቁላል ወይም የጀላቲን አለርጂ አለበት?» የሚል ነው። መልሱ «አዎ» ወይም «የለም» ነው። ቪጋን ልጅ እንቁላል ቀምሶ አያውቅም፤ ጀላቲን ያለበት ጣፋጭም አልበላም። ወላጁ «የለም» ይላል፤ ዋሽቶ አይደለም። እውነተኛው መልስ ግን «አልተሞከረም» ነው፤ ለዚህ ቅጹ ላይ ቦታ የለም። በሌሎች ልጆች ላይ «የለም» ማለት «ብዙ ጊዜ በልቶ ምንም አልሆነም» ማለት ሲሆን በኛ ልጆች ላይ ባዶ ቃል ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን በትክክል መሠራት አለበት። ሦስተኛ ሳጥን ይጨመር፦ «ቀምሶ አያውቅም»። ይህ ሳጥን ምልክት ሲደረግበት ክትባቱ አይቀርም፣ አይራዘምም። ለኩፍኝ ክትባት የእንቁላል ጥያቄው ራሱ አያስፈልግም፤ የሚተርፈው የእንቁላል ፕሮቲን ኢምንት ስለሆነ የእንቁላል አለርጂ ያለበት ልጅም ይወስደዋል። የቢጫ ወባ ክትባት ግን የሚራባው በእንቁላል ውስጥ በመሆኑ እዚያ ጥያቄው ትርጉም አለው። ጀላቲን ላለባቸው ክትባቶች ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ከዚህ በፊት ከተሰጠው ክትባት በኋላ ልጁ ሽፍ አለበት? ከንፈሩ አበጠ? ትንፋሽ አጠረው? ከዚያ ይከተብና 15 ደቂቃ እዚያው ይቆይ። ከባድ አለርጂ ሲነሣ የሚሰጠው መድኃኒት፣ አድሬናሊን፣ በእጅ ቅርብ ይሁን፤ መጠኑ በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ነው፣ ማለትም 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ካለበት ብልቃጥ 0.1 ሚሊ ሊትር፣ በጭኑ ውጫዊ መካከል ጡንቻ ላይ። ይህ ለማንኛውም ልጅ የሚደረግ ነው፤ ለኛ የተለየ ነገር አልጠየቅንም።

አንዳንዴ «መጀመሪያ ቤት ውስጥ ጀላቲን ያለበት ጄሊ አቅምሱትና ተመልሳችሁ ኑ» የሚል ምክር ይሰጣል። እባካችሁ ይህን አስቁሙ። አለርጂ ካለ፣ አድሬናሊን በሌለበት ቤት ከሚታይ ክትባት ክፍሉ ውስጥ ቢታይ ይሻላል። ከዚህም ሌላ ወላጁን ከእምነቱ ጋር በማጋጨት ቀጠሮውን ያስቀራል።

የአለርጂ ጥያቄው በሁለተኛው መጠን ላይ እንደ አዲስ መነሣት አለበት፤ የመጀመሪያው መጠን ራሱ ሰውነትን ለአለርጂ ሊያነቃ ይችላልና። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የታየው ይህ ነው። ለሕፃናት በሚሰጠው የዘጊ አናዳ፣ መንጋጋ ቆልፍና ትክትክ ክትባት ውስጥ የነበረው ጀላቲን ልጆችን አነቃቅቶ በኋላ ጀላቲን ያለባቸውን የኩፍኝና መሰል ክትባቶች ሲወስዱ ከባድ አለርጂ አስከተለ። አምራቾቹ ጀላቲኑን አወጡ፤ አለርጂውም ቀነሰ። «ማረጋጊያው ሊቀየር አይችልም» ለምትሉን መልሳችን ይህ ነው። ተቀይሯል። ለቪጋን ተብሎ አይደለም፤ ግን ተቀይሯል።

«ፈቃደኛ አይደሉም» ወደሚለው ምልክት እንመለስ። ምልክቱ ሲደረግ ወላጁ ገና እየጠየቀ ነው። መልስ ፍለጋ ሲሄድና ሲመለስ የሚያልፈው ጊዜ ለአንዳንድ ክትባቶች አይመለስም። የሮታ ጠብታ ከ6 ሳምንት ይጀመራል፤ አንዳንድ አገሮች ደግሞ ልጁ 15 ሳምንት ከሞላው በኋላ የመጀመሪያውን ጠብታ አያስጀምሩም። ለጥያቄ በሁለት ወር ውስጥ መልስ የሚሰጥ ቢሮ ለዚህ ሕፃን መልስ አልሰጠም ማለት ነው። በመርፌ የሚሰጡ ሁለት ሕያው ክትባቶችም አብረው በአንድ ቀን ካልተሰጡ በመካከላቸው ቢያንስ 4 ሳምንት ማለፍ አለበት፤ አንዱን «አስቡበትና ኑ» ብሎ ማቆየት ሌላውንም ይገፋዋል።

ክትባት ሊወስድ የመጣ ልጅ ስለ አመጋገቡ ንግግር ሰምቶ ሳይከተብ መሄዱም የተለመደ ሆኗል። ስለ ቫይታሚን ቢ12 መጠየቃችሁ ትክክል ነው፤ እንደግፋለን። ቢ12 የሚጨመርበት ምግብ ወይም ማሟያ የማያገኝ ቪጋን ልጅ ለነርቭ ጉዳት ሊጋለጥ ይችላል፤ ማሟያ ሳትወስድ የምታጠባ እናት ልጅም እንዲሁ። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ይስተካከል፤ መጀመሪያ መርፌው፣ ከዚያ ምክሩ። «ልጁ ሥጋ ስለማይበላ አቅም የለውም፤ ክትባቱ ይቆይ» የሚባለው ስሕተት ነው። አመጋገብ ክትባትን የሚከለክል ምክንያት አይደለም፤ ሰውነቱ የከሳ ልጅ እንኳ ክትባቱ ይበልጥ ያስፈልገዋል እንጂ አይነፈገውም።

አብሮ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ እንክብልም እንዲሁ በከንቱ ያጣላናል። ሽፋኑ ጀላቲን ነው፤ ወላጅ አይቶ «አይሆንም» ይላል፣ ባለሙያውም «እምቢ አሉ» ብሎ ይጽፋል። ግን እኮ እንክብሉ አይዋጥም! ጫፉ ተቆርጦ ውስጡ ያለው ዘይት ልጁ አፍ ውስጥ ይጨመቃል፤ ሽፋኑ ይጣላል። ከ6 እስከ 11 ወር ላለ 100,000 ዩኒት፣ ከ12 እስከ 59 ወር ላለ 200,000 ዩኒት። ይህን አንድ ጊዜ በዐይናችን ፊት ማሳየት ክርክሩን በሙሉ ይዘጋል።

ለራሳችን ወገንም የምንለው አለ። ደብዳቤው ግልጽ ነውና እነሱም ይስሙ። ጥሩ አመጋገብ ክትባትን ይተካል የሚሉ ቪጋኖች አሉ፤ አይተካም። ኩፍኝ የያዘው ሰው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል፤ አንድ በሽተኛ መከላከያ በሌላቸው ሰዎች መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል። ስርጭቱን ለመግታት ከመቶ 95 ሰው መከላከያ ሊኖረው ይገባል፤ አንድ መጠን ክትባት 93 በመቶ፣ ሁለት መጠን 97 በመቶ ይከላከላል። «ሌሎቹ ልጆች ከተከተቡ የኔ ይድናል» የሚለው ስሌት ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ ላይ ጨርሶ አይሠራም። መንጋጋ ቆልፍ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የባክቴሪያው ዘር የሚኖረው አፈር ውስጥ ነው። ጎረቤት ሁሉ ቢከተብ፣ ያልተከተበው ልጅ እግሩን የወጋው ሚስማር ያንን አያውቅም። «ቪጋን ክትባት» እያሉ የሚሸጡና የሚያስተዋውቁም አሉ፤ እንስሳ ያልነካው የኩፍኝ ክትባት እስካሁን የለም፤ አትመኑ።

ለአምራቾችና ለተቆጣጣሪዎች ያለን ቅሬታ ከዕቃው ይልቅ ከሙከራው ይነሣል። እያንዳንዱ የክትባት ምርት ዙር ከመውጣቱ በፊት ይፈተሻል፤ ብዙ እንስሳ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ትኩሳት አምጪ ነገር አለ ወይ ለማለት ጥንቸል ተወግታ ሙቀቷ ይለካ ነበር፤ የአውሮፓ የመድኃኒት መስፈርት መጽሐፍ፣ ፋርማኮፒያ፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ይህን ፈተና መጠየቁን ትቷል። የባክቴሪያ መርዝን ለመለየት የሚያገለግለው ሌላው ዘዴ ሊሙለስ ከተባለች ቅርፊታም የባሕር ፍጡር ሰማያዊ ደም ይሠራል። ከባሕር ተይዛ፣ በሕይወት ሳለች ደሟ ተቀድቶ ትመለሳለች፤ ከሚመለሱትም የሚሞቱ አሉ። ያንኑ ሥራ በቤተ ሙከራ የተመረተ ፕሮቲን መሥራት ይችላል፤ የአውሮፓ ፋርማኮፒያም እ.ኤ.አ. ከ2021 መግቢያ ጀምሮ ዘዴውን ተቀብሎታል። መንገዱ ከተከፈተ ቆየ። በሌሎች ተቆጣጣሪዎች ዘንድ አሮጌው ፈተና ከቀጠለ ግን አንዱ አምራች ለሁሉም ገበያ ለመሸጥ ሲል ሁለቱንም ፈተና ይሠራል፤ ጥንቸሏም አልዳነችም።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይህ ነው።

የክትባት መርሐ ግብር ኃላፊዎች፣ በምትሰጧቸው ክትባቶች ልክ አንድ ገጽ አዘጋጁ። በእያንዳንዱ ምርት ስም ፊት ለፊት ብልቃጡ ውስጥ ያለው ከእንስሳት የተገኘ ነገር፣ ሲሠራ የገባው፣ ምትክ ካለም ምትኩ ይጻፍ። ሥራው አዲስ አይደለም፤ በብሪታንያ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት የአሳማ ጀላቲን ያለባቸውን ክትባቶች ከነስማቸው የሚዘረዝር ጽሑፍ ለሃይማኖት ማኅበረሰቦች አውጥቷል። ለኛም ያው ገጽ ላክቶስና ሴረም ተጨምሮበት ይበቃል። ምርት ሲቀየር ገጹ በዚያው ሳምንት ይቀየር፤ ያረጀ ገጽ ጨርሶ ካለመኖሩ ይብሳል። ጀላቲን ያለበትና የሌለበት ሁለቱም በሚገኙበት ቦታ ወላጁ ቀጠሮ ሲይዝ እንዲመርጥ አድርጉ፤ ሕፃኑን ይዞ ከመጣ በኋላ ምርጫው ውጥረት ነው።

ቅጹ ላይ «ቀምሶ አያውቅም» የሚል ሳጥን ይግባ። «ፈቃደኛ አይደሉም» የሚለው ምልክት ደግሞ ወላጁ በቃሉ «አልፈልግም» ሳይል እንዳይደረግ መመሪያ ይውጣ። ጥያቄ በጽሑፍ ሲቀርብ በ7 ቀን ውስጥ ይመለስ፤ ልጁ ከ15 ሳምንት በታች ከሆነ በ2 ቀን።

አምራቾች፣ በሥራ ሂደት የሚገቡ ከእንስሳት የተገኙ ነገሮችን ለተቆጣጣሪ ብቻ ሳይሆን ለሕዝብም አስታውቁ። ማረጋጊያና ሴረም ለመተካት ያላችሁን ዕቅድ፣ ከሌላችሁም እንደሌላችሁ፣ ተናገሩ። ተቆጣጣሪዎች፣ እንስሳ የማይጠይቁት ፈተናዎች በአንድ ወገን ተቀባይነት ካገኙ በሌላው ወገን አሮጌው ፈተና እንዲደገም አታስገድዱ።

መልሳችሁን በዚሁ መልክ፣ በግልጽ እንጠብቃለን። እስከዚያው ልጆቻችን በቀጠሯቸው ቀን ይመጣሉ።

ከአክብሮት ጋር፣

ልጆቻቸውን በወቅቱ የሚያስከትቡ ቪጋን ወላጆች፣
ከመካከላቸውም በነርስነት፣ በፋርማሲና በቤተ ሙከራ ሙያ የሚሠሩ